የተጫዋቾችን ጉልበት በእንቅስቃሴ መመርመር፦ ምን ያሳያል? ምንስ አያሳይም?

አንድ ተጫዋች ኳስ ለመንጠቅ በፍጥነት ይሮጣል። ተጋጣሚው አቅጣጫ ሲቀይር እርሱም አንድ እግሩን ተክሎ ሊዞር ሲሞክር ጉልበቱን ይዞ ይወድቃል። ማንም አልነካውም። ተመልካቹ ቀላል ጉዳት ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለ ቅጽበት የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት ሊበጠስ ይችላል።

ይህ ጅማት የጭን አጥንትን ከቅልጥም አጥንት ጋር የሚያያይዝ ሲሆን፣ ቅልጥም ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ጉልበት ከልክ በላይ እንዳይጠማዘዝ ይጠብቃል። ወደ ውድድር መመለስ ለሚሹ ተጫዋቾች ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይተካል፤ ከዚያ በኋላም ቢያንስ ዘጠኝ ወር ያህል ማገገሚያ ይመከራል። የማንቸስተር ሲቲው አማካይ ሮድሪ በመስከረም 2017 ዓ.ም ከአርሰናል ጋር በተደረገ ጨዋታ ይኸው ጉዳት ደርሶበት ነበር። በተከታዩ ወር የባሎን ዶር ሽልማቱን የተቀበለው በክራንች ተደግፎ ሲሆን፣ ወደ ሜዳ የተመለሰውም የውድድር ዘመኑ ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ነው። ታላላቅ ክለቦች ያላቸው የሕክምና አቅም በየወረዳው ለሚጫወት ወጣት የለም። ለእርሱ ጉዳቱን አስቀድሞ መከላከል የሁሉም መፍትሔ መጀመሪያ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

በጣሊያን የወንዶች ፕሮፌሽናል እግር ኳስ የደረሱ 134 የዚህ ጅማት ጉዳቶች በቪዲዮ ተመርምረው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። በምርመራው ቀጥታ ጉልበት ላይ ባረፈ ምት የደረሰው ጉዳት 12 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። 44 በመቶው ያለ ምንም ንክኪ፣ ቀሪው 44 በመቶ ደግሞ ሌላው የሰውነት ክፍል ተገፍቶ ሚዛን በመሳቱ የደረሰ ነው። ቀዳሚው አጋጣሚ ኳስ የያዘ ተጋጣሚን ለመጫን መሮጥ ነው፤ ኳስ ከመቱ በኋላ ሚዛን ለመጠበቅ መሞከርና ከዝላይ ማረፍም ከምክንያቶቹ መካከል ናቸው።

በእነዚህ ሁኔታዎች ተደጋግሞ የሚታይ አቋም አለ። እግር መሬት ሲረግጥ ጉልበት ብዙም ሳይታጠፍ ይቀራል፣ ወደ ውስጥም ይገባል፤ ደረት ደግሞ ወደ ጎን ያጋድላል። የእንቅስቃሴ ምርመራም ይህን አቋም ከጉዳት በፊት ለይቶ ለማየት የሚደረግ ጥረት ነው።

ምርመራው እንዴት ይካሄዳል?

በትላልቅ ቤተ ሙከራዎች በተጫዋቹ ሰውነት ላይ ምልክቶች ተለጥፈው በበርካታ ካሜራዎች ይቀረጻሉ፤ ወለሉ ላይ የተተከለ መሣሪያም እግሩ መሬትን የሚገፋበትን ኃይል ይለካል። ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ዘዴም አለ። ተጫዋቹ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ጠንካራ ሳጥን ላይ ቆሞ፣ የቁመቱን ግማሽ ያህል ወደ ፊት ዘልሎ ያርፋል፤ ወዲያውም ሽቅብ የቻለውን ያህል ይዘላል። አንድ ካሜራ ከፊት፣ ሌላው ከጎን ሆነው ይቀርጹታል። ቀስ ብሎ የሚያሳይ የእጅ ስልክ ካሜራም ለዚህ ያገለግላል። የቡድኑ ወጌሻ ወይም አሠልጣኙ ቪዲዮውን ደጋግሞ በማየት እነዚህን ጥያቄዎች ይመልሳል፦

• ሲያርፍ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ ወይስ ከእግር ጣቶቹ አቅጣጫ ጋር ይሄዳሉ?
• ጉልበቱና ዳሌው ታጥፈው ኃይሉን ያበርዳሉ ወይስ ደርቀው ይቀራሉ?
• ሁለቱ እግሮቹ እኩል መሬት ይነካሉ?
• ደረቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል?

ውጤቱ ትንቢት አይደለም

እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የታተመ ጥናት 205 ወጣት ሴት ስፖርተኞችን ተከታትሎ ነበር። ከእነርሱ መካከል ጅማታቸው የተበጠሰው ዘጠኙ፣ ቀደም ሲል በተደረገው የዝላይ ምርመራ ጉልበታቸው ከሌሎቹ በ8 ዲግሪ ገደማ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባ እንደነበር ታውቋል። ይህም ምርመራው ተጎጂውን አስቀድሞ ይለያል የሚል ትልቅ ተስፋ አሳድሮ ነበር።

ሆኖም በኖርዌይ 710 ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያሉ የእግር ኳስና የእጅ ኳስ ሴት ተጫዋቾችን ያካተተው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲታተም ተስፋውን ገታው። አዲስ ጉዳት የደረሰባቸው 42 ተጫዋቾች ቢሆኑም፣ በዝላዩ ምርመራ እነርሱን ከጤነኞቹ አስተማማኝ በሆነ መንገድ መለየት አልተቻለም። አቋማቸው ደካማ ከሆነው መካከል ብዙዎቹ ሳይጎዱ ይጫወታሉ፤ በጥሩ ሁኔታ ያረፉትም ሊጎዱ ይችላሉ። የሜዳው ሁኔታ፣ ድካም፣ ያለፈ ጉዳትና የተጋጣሚ ግፊት በአንድ ዝላይ አይለኩም።

ስለዚህ አንድን ታዳጊ በቪዲዮ ውጤት ብቻ ከቡድን ማስቀረት አግባብ አይደለም። «ደህና ነህ» ተብሎ የመከላከያ ልምምዱን እንዲተው ማድረግም እንዲሁ ስህተት ነው። የምርመራው ጥቅም አሠልጣኙ ምን ማረም እንዳለበት ማመልከቱና የተጫዋቹን ለውጥ ለመከታተል ማስቻሉ ነው።

ሁሉም የሚሠሩት ልምምድ

በፊፋ ድጋፍ የተዘጋጀው «11 ፕላስ» የተሰኘው የማሟሟቂያ ልምምድ 20 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሦስት ክፍሎች አሉት፦ ቀስ ያለ ሩጫ፤ የጥንካሬ፣ የዝላይና የሚዛን ልምምድ፤ በመጨረሻም ፈጣን ሩጫና አቅጣጫ መቀየር። ከልምምዶቹ አንዱ፣ ተጫዋቹ ተንበርክኮ ጓደኛው ቁርጭምጭሚቱን ይዞለት ሰውነቱን ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚያወርድበት ሲሆን፣ የጭን የኋላ ጡንቻን ያጠነክራል። በዝላይ ጊዜ ጉልበት ከእግር ጣቶች አቅጣጫ እንዳይወጣ መቆጣጠር የአሠልጣኙ ድርሻ ነው።

በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ 1 ሺህ 892 ልጃገረዶች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት፣ ልምምዱን በሠሩት ቡድኖች አጠቃላይ ጉዳት በሲሶ ገደማ መቀነሱን አሳይቷል። ሴት ተጫዋቾች ለዚህ ጅማት ጉዳት ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው፣ የሴቶች ቡድኖች ልምምዱን ችላ ሊሉት አይገባም። ውጤት የሚገኘው ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሳያቋርጡ ሲሠሩት ነው።

ጉዳት ሲደርስ

ጉልበት ውስጥ «ቋ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ካበጠ ወይም ሲረግጡት ከከዳ ተጫዋቹ ወዲያውኑ ጨዋታውን ማቆም አለበት። ጉልበቱ ሳይታሽና ሳይጎተት፣ በበረዶ ወይም በቀዝቃዛ ውኃ ተይዞ፣ ተጫዋቹ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። እብጠቱ ስለጎደለ ብቻ ጅማቱ ድኗል ማለት አይደለም፤ በከዳ ጉልበት መጫወት በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ለስላሳ ክፍል ጭምር ሊያበላሽ ይችላል።