የድመት አመድና የውሻ አፍ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢያቸው በሚገኘው የምዕራብ ጎጃም ገጠር ውሻና ድመት በአንድ ቤት ሲያድሩ የየራሳቸው ወሰን አላቸው። ውሻ የደጅ ነው፤ በረቱን ከጅብ፣ ማሳውን ከዝንጀሮ ይጠብቃል፤ ትራፊውም ወደ ደጅ ይጣልለታል። ድመት ግን የእልፍኝ ናት፤ ከጎታው ሥር አይጥ ታድናለች፣ ሌሊት ከምድጃው ዳር ትተኛለች። ይህ ወሰን በሕግ የተጻፈ ባይሆንም በልማድ የጸና ነው። ሆኖም ዘወትር የሚደፈርበት አንድ ሥፍራ አለ፤ እርሱም ድመቲቱ የተጸዳዳችበት አመድ ነው። ድመቲቱ ቆፍራ የቀበረችውን ውሻው ሰው ሲዘነጋ ገብቶ ያወጣና ይበላል። የቤቱ እመቤት በጩኸትና በዱላ ታባርረዋለች፤ በማግሥቱም ተመልሶ ይመጣል። ነገሩ ለአላፊ አግዳሚ የሚያስቅ፣ ለባለቤቱም የሚያስጸይፍ ብቻ መስሎ ይታያል። የእንስሳት ሕክምና ታሪክ ግን ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር እንዳለበት ያስተምራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ እንስሳት ከሰው ጋር የተዛመዱበት መንገድ የተለያየ ነው። ውሻ ከተኵላ ወገን ተለይቶ ከሰው ጋር መኖር የጀመረው እርሻ ከመታወቁ በፊት ሲሆን፣ ጀርመን አገር ቦን አጠገብ በተገኘ የ14,000 ዓመት ያህል ዕድሜ ባለው መቃብር ከሰው ጋር የተቀበረ ውሻ አጽም ታይቷል። ድመት ግን የመጣችው እህል ተከትላ ነው። ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር አይጥ መጣ፤ አይጥ ሲመጣም የዱር ድመት ወደ ጎተራው ተጠጋች። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው አጠገብ የተቀበረችው ድመት 9,500 ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላት ተገምቷል። በ2007 ይፋ የሆነ የዘር ምርመራም የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ የተገኙት በሰሜን አፍሪካና በቅርብ ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ወገን መሆኑን አረጋግጧል። እንግዲህ ውሻ የሰውን ትራፊ፣ ድመት ደግሞ የሰውን አይጥ ተከትለው ገቡ ማለት ይቻላል።

ይህ የአመጣጥ ልዩነት ዛሬም በጠባያቸው ይታያል። ድመት ሥጋ በል በመሆኗ ከዓይነ ምድሯ ጋር ያልተፈጨ ፕሮቲንና ስብ ይወጣል፤ ሽታውም ለውሻ የምግብ ሽታ ነው። እርሷ የምትቀብረው ከዱር አባቶቿ በወረሰችው ጠባይ ነው፤ «ድመት መንኵሳ አመሏን አትረሳ» የተባለው በዚህም በኩል እውነት ነው። ውሻም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ የሰፈር ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ነው። መጸዳጃ ጉድጓድ ባልነበረበት ዘመን ሜዳውን ያጸዳ የነበረው ውሻና ጅብ ነበር። ስለዚህ ውሻው ወደ ድመቲቱ አመድ ሲሄድ ርኵሰት መፈለጉ አይደለም፤ በሺህ ዘመናት የተሰጠውን ሥራ መሥራቱ ነው። በዱላ ብቻ ሊታረም ያልቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአንዱ እንስሳ ሆድ የወጣው ነገር በሌላው አፍ ሲገባ በሽታ እንደሚፈጠር ለማወቅ ዓለም ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል። ለዚህ ምስክር ለመፈለግ ከጎጃም ምድር መራቅ አያስፈልግም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ኅዳር ወር 1770 ላይ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ብዙም በማይርቀው በሰከላ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ደርሶ ነበር። በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ የአገሩ ሰው ወንድ ሴት ሳይል ትል ለማስወጣት ኮሶ የመጠጣት ልማድ እንዳለው ጽፏል። መድኃኒቱም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት ቤቶች ሲሸጥ ኖሯል። የሀገራችን ሰው እንግዲህ በሽታውንም ፈውሱንም ያውቅ ነበር። ያልታወቀው የትሉ መንገድ ነበር። ትሉ ከሰው ወጥቶ በሜዳ ሣር ወደ በሬ፣ ከበሬው ሥጋም ተመልሶ ወደ ሰው እንደሚሄድ በሙከራ የታየው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት በ1861 ጥጆችን የትሉን እንቍላል አብልቶ ውጤቱን በሥጋቸው ውስጥ ባገኘ ጊዜ ነው። በሽታንና መድኃኒትን ማወቅ አንድ ነገር፣ መንገዱን ማወቅ ሌላ ነገር መሆኑ ከዚህ ይታያል። ኮሶ የጠጣ ሰው ይድናል፤ ሜዳው ካልተጠበቀ ግን ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ኮሶ ያሻዋል።

የውሻም ነገር ተራውን ጠበቀ። በበግ ጉበትና ሳንባ ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የአንድ የውሻ ትል ጽንስ መሆኑን በ1850ዎቹ ፎን ዚቦልት የተባለው ጀርመናዊ ከረጢቱን ለውሾች በማብላት አስረዳ። ይህን እውቀት ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ወደ ገበሬ ደጅ ያደረሰው ግን የዴንማርኩ ሊቅ ሃራልድ ክራበ ነው። በዚያን ጊዜ በአይስላንድ ከሕዝቡ ብዙው በዚሁ ደዌ ይሠቃይ ነበር። ክራበ በ1863 ወደ ደሴቲቱ ሄዶ የውሾቹን አንጀት መረመረ፤ ካያቸው 100 ውሾችም በ28ቱ ውስጥ ትሉን አገኘ። ቀጥሎም ማንም ሊረዳው በሚችል ቋንቋ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጽፎ በየቤቱ እንድትታደል አደረገ። የመጽሐፏ ምክር አጭር ነበር፤ ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ለውሻ አትጣሉ፣ ቅበሩት ወይም አቃጥሉት የሚል ነው። በ1869 የውሾችን ቍጥር የሚወስን ሕግ ተከተለ። በሃያኛው ምዕተ ዓመትም ደዌው ከደሴቲቱ ጠፋ። ያለ ረቂቅ መድኃኒት፣ የውሻን አፍ ከአንድ ነገር በመከልከል ብቻ የተገኘ ድል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የድመቲቱ ምሥጢር ከሁሉም ዘግይቶ ተገለጠ። ሻርል ኒኮልና ሉዊ ማንሶ በ1908 ቱኒስ ከተማ ውስጥ ከአንዲት የበረሃ አይጥ አካል ቶክሶፕላዝማ የተባለውን ረቂቅ ተሕዋስ አገኙ። ተሕዋሱ የነፍሰ ጡር ሴት ጽንስ ሊጎዳ እንደሚችል በ1930ዎቹ መጨረሻ፣ በጎችንም እንደሚያስጨነግፍ በ1950ዎቹ ታወቀ። ከየት እንደሚመጣ ግን ለስድሳ ዓመት ያህል ምሥጢር ሆኖ ቆየ። በ1965 የግላስጎው ተመራማሪ ዊሊያም ሃቺሰን በድመት ዓይነ ምድር እንደሚተላለፍ አሳየ፤ በ1970 ደግሞ የተሕዋሱ እንቍላል መሰል አካል በድመት አንጀት ውስጥ ብቻ እንደሚፈጠር በአያሌ ተመራማሪዎች ተረጋገጠ። ይህ አካል ከድመቲቱ ሲወጣ ወዲያው አይበክልም፤ እንዲበስል ከ1 እስከ 5 ቀን ያስፈልገዋል። ከበሰለ በኋላ ግን በርጥብ አፈር ውስጥ ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ውሻው ከዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቶክሶፕላዝማ በውሻ አንጀት ውስጥ እንደ ድመቲቱ አይራባም። ነገር ግን ውሻው የበላው የበሰለ አካል ሳይሞት በሆዱ አልፎ ሊወጣ፣ በአፉና በጠጕሩም ላይ ሊጣበቅ እንደሚችል በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። እንግዲህ ድመቲቱ በአንድ ሥፍራ የቀበረችውን ውሻው ቆፍሮ ወደ በረቱ፣ ወደ ጓሮው፣ ወደ ልጆቹም እጅ ይዞት ይሄዳል። አበው «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ያሉት ስለ አጥር ቢሆንም ለዚህም ጉዳይ ይስማማል።

ስለ ድመት መጸዳጃ ሣጥን ሲነሳ ብዙ ሰው የባዕድ አገር ቅንጦት አድርጎ ያስበዋል። ታሪኩ ግን ወደ ምድጃችን ይመልሰናል። በአሜሪካም ቢሆን እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ የከተማ ሰው ለድመቱ ያቀርብ የነበረው አመድና አሸዋ ነበር። በ1947 በሚሺጋን ግዛት ኤድዋርድ ሎው የተባለ ነጋዴ አመድ ቤቷን እያጠቆረ ላስቸገራት ጎረቤቱ ርጥበት የሚመጥ ደረቅ የሸክላ አፈር ሰጣት፤ በኋላም «ኪቲ ሊተር» ብሎ ሰይሞ ገበያ አወጣው። ከዚያ ወዲህ የተስፋፋው የሣጥንና የአፈር ንግድ ሁሉ መነሻው የጎጃም እመቤት ዛሬም በእጅዋ ያለው አመድ ነው ማለት ነው።

ልዩነቱ በአመዱ አገልግሎት ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ቤት አመድ የሚጣል ነገር አይደለም። ዕቃ ይታጠብበታል፤ ወደ ጓሮ ተወስዶ መሬት ያለማል። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ወዲህ ሳሙና ባልተገኘ ጊዜ እጅ በአመድ እንዲታጠብ ለየቤቱ ሲመከር ቆይቷል። ምክሩ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ድመቲቱ የተጸዳዳችበት፣ ውሻውም የበተነው አመድ ከዚህ ሁሉ አገልግሎት ጋር ከተቀላቀለ ማጽጃው ራሱ ማቆሸሻ ይሆናል። አመዱን የምትዝቀው፣ ምጣዱን የምትወለውለው አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ ከእነዚህም ውስጥ ነፍሰ ጡር የሆነችው ብዙ ናት። በመጀመሪያ በእርግዝናዋ ወራት በተሕዋሱ የተያዘች ሴት ጽንሷ ሊጨነግፍ ወይም ሕፃኑ ዓይኑና አንጎሉ ተጎድቶ ሊወለድ ይችላል። በአዲስ አበባ ድመቶች ላይ ተደርጎ በ2013 ይፋ የሆነ ምርመራ ከተመረመሩት አብዛኞቹ በተሕዋሱ ተይዘው የነበሩ መሆናቸውን ስላሳየ ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ሁለተኛው ተጎጂ በግ ነው። የዋሸራ በግ የጎጃም ገበሬ የቁርጥ ቀን ገንዘብ ነው፤ ማዳበሪያ የሚገዛበት፣ የልጅ ደብተር የሚሟላበት፣ ለዓመት በዓል ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም ገበያ የሚወርድ ነው። ድመት በጭድ ክምርና በድርቆሽ ላይ ስትጸዳዳ፣ ውሻም ያንኑ ሲበትን እርጉዝ በጎች መኖውን ይበላሉ። በግ ስትጨነግፍ ገበሬው ብርዱን ወይም ክፉ ዓይንን ይከሳል። የጨነገፈውን ጽንስና የእንግዴ ልጁን ለውሻና ለድመት ሲጥል ደግሞ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። የታረደ በግ ጭንቅላት ሳይቀበር ለውሻ ሲሰጥም አዙሪት የተባለው የበግ በሽታ በዚያው ዓይነት መንገድ ይመለሳል።

ሙያችን ለዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ ሳይሰጥ የቆየው በስንፍና አይደለም። በ1888 የገባው የከብት እልቂት ከሀገሪቱ በሬ አብዛኛውን ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረኃብ ካስከተለ በኋላ የእንስሳት ሐኪም የመጀመሪያ ግዴታ በሬን ማዳን ሆነ። ይህ ትግል ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቶ ኢትዮጵያ በ2008፣ ዓለምም በ2011 ከደስታ በሽታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ። በውሻ በኩልም ቢሆን ቅድሚያ ያገኘው የእብድ ውሻ በሽታ ነበር፤ ይህም ተገቢ ነው። የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ1974 ሲመሠረት፣ የደብረ ዘይቱም ፋኩልቲ በ1979 ሥራ ሲጀምር ከፊታቸው የቆመው ሥራ ይኸው ነበር። አሁን ግን ታላቁ ጠላት ከወደቀ በኋላ ከምድጃው ዳር ያለውን ትንሹን ጠላት ለመመልከት ጊዜው ደርሷል። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ከተሞች ሲሰፉ ግቢዎች ጠበዋል፤ ደጅና እልፍኝ ተቀራርበዋል፤ የውሻና የድመት ጥንታዊ ወሰንም በዚያው መጠን እየፈረሰ ነው።

መፍትሔው የክራበን ምክር ያህል ቀላል ነው። ለድመቲቱ አመድ ወይም አሸዋ የተሞላ የራሷ ሣጥን ወይም አሮጌ ሳፋ ይደረግላት። ሣጥኑም ድመት ዘላ በምትደርስበት፣ ውሻ ግን በማይደርስበት ከፍ ያለ ቦታ፣ ወይም በሩ ድመት ብቻ በሚያሾልክ ጓዳ ይቀመጥ። ዕቃና እጅ የሚታጠብበት አመድ ግን ክዳን ባለው ዕቃ ለብቻው ይኑር። የድመቲቱ ዓይነ ምድር በየቀኑ ተጠርጎ በጥልቅ ይቀበር፤ ከአንድ ቀን በፊት የተወገደ አይበክልምና። ሣጥኑ በፈላ ውሃ ይታጠብ። ይህን ሥራ ነፍሰ ጡር ሴት አትሥራው፤ ሌላ ሰው ከሌለም እጅዋን ሸፍና ትሥራ፣ ኋላም በሳሙና ትታጠብ። የጭድ ክምሩ ይከደን። ድመቲቱ ጥሬ ሥጋና ሆድ ዕቃ አትብላ። ውሻው ጠግቦ ይደር፤ የትል መድኃኒትም በወቅቱ ያግኝ። የተራበ ውሻን ከአመድ የሚከለክል ዱላ የለምና።

አባቶች ውሻን ከደጅ፣ ድመትን ከእልፍኝ ያኖሩት የተሕዋሱን ስም አውቀው አልነበረም። ሆኖም የሠሩት ወሰን ዕውቀት ነበረበት። የእንስሳት ሐኪም ወደ ገበሬው ቤት ሲገባ የበሬውን ትኵሳት ለክቶ ከመውጣቱ በፊት ወደ ምድጃው ዞር ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቅ፣ ይኸውም «ድመቲቱ የምትጸዳዳው የት ነው? ውሻውስ ከዚያ ይደርሳልን?» ቢል፣ የአንዲት በግ ግልገል፣ ምናልባትም የአንዲት እናት ልጅ ከጉዳት ትድናለች።