የተጣመሩ ዘረ-መሎችን በብርሃን ነጥብ መለየት፦ የፊሽ ምርመራ በክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር የሚጀምረው በአንድ የመቅኔ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ክሮሞዞሞች ተሰብረው በተሳሳተ ቦታ ሲገጥሙ ነው። በ9ኛው ክሮሞዞም ጫፍ አካባቢ የሚገኘው ኤ.ቢ.ኤል.1 የተሰኘው ዘረ-መል አብዛኛው ክፍል ተቆርጦ በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ካለው ቢ.ሲ.አር ጋር ይጣመራል፤ የ22ኛው ቁራጭም በምትኩ ወደ 9ኛው ይሄዳል። ከዚህ ጥምረት የሚሠራው ፕሮቲን ሕዋሱ ያለማቋረጥ እንዲባዛ ያደርጋል። ለውጡ በሕይወት ዘመን የሚፈጠር እንጂ ከወላጅ የሚወረስ ወይም ወደ ልጅ የሚተላለፍ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ ይሠሩ የነበሩት ፒተር ኖዌል እና ዴቪድ ሀንገርፎርድ በታማሚዎች ሕዋስ ውስጥ ከወትሮው ያነሰ አንድ ክሮሞዞም ተመለከቱ። “የፊላደልፊያ ክሮሞዞም” የሚለው መጠሪያም ከዚሁ የመጣ ነው። ክሮሞዞሙ ያነሰው ከ9ኛው ጋር ቁራጭ በመለዋወጡ መሆኑን በ1973 ያሳዩት የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናቸው።

ይህን ለውጥ በተለመደው የክሮሞዞም ምርመራ ለማየት በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት ያስፈልጋሉ። ከዚህም በላይ ከመቶ አምስት ያህል በሚሆኑ ታማሚዎች ዘንድ ጥምረቱ እያለ የክሮሞዞሞቹ ቅርጽ ምንም ምልክት አያሳይም። በአብሪ ቀለም የተለበጡ የዲ.ኤን.ኤ ቁራጮች፣ ማለትም ፕሮቦች፣ ሁለቱንም ችግሮች ያቃልላሉ። ምርመራው በአጭሩ ፊሽ ይባላል።

አሠራሩ የተመሠረተው በዲ.ኤን.ኤ ተፈጥሮ ላይ ነው፤ ከሁለቱ የዲ.ኤን.ኤ ሰንሰለቶች እያንዳንዱ የሚገጥመው ከተጓዳኙ ጋር ብቻ ነው። ለኤ.ቢ.ኤል.1 አካባቢ ቀይ፣ ለቢ.ሲ.አር አካባቢ ደግሞ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮብ ይዘጋጃል። በስላይድ ላይ የተዘረጉት ሕዋሳትና ፕሮቦቹ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቁ ሰንሰለቶቹ ይላቀቃሉ። ከዚያም በ37 ዲግሪ ሲያድሩ ፕሮቡ ተጓዳኙን አግኝቶ ይጣበቃል። ያልተጣበቀው ታጥቦ ይወገድና ኒውክሊየሱ ሰማያዊ ሆኖ እንዲታይ ከተቀለመ በኋላ ስላይዱ በጨለማ ክፍል፣ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ይነበባል።

በጤናማ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ቀይና ሁለት አረንጓዴ ነጥቦች ይታያሉ። ዘረ-መሎቹ ከተጣመሩ ቀይና አረንጓዴው ተደራርበው ቢጫ ይመስላሉ። በስላይዱ ላይ ቢጫ ቀለም ያኖረ ማንም እንደሌለ ልብ ይሏል፤ ቢጫው የሁለቱ ብርሃን ድምር ነው። አስቸጋሪው ነጥብም ይኸው ነው። ኒውክሊየሱ ድቡልቡል ሆኖ ሳለ የሚታየው እንደ ጠፍጣፋ ስለሆነ፣ በጤናማ ሕዋስም ቀዩና አረንጓዴው በአጋጣሚ አንዱ በሌላው ላይ ሊያርፉ ይችላሉ። አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ የታየበት ሕዋስ የታመመ ነው ወይስ የተደራረበ? በቀደሙት ፕሮቦች ይህን በአንድ ሕዋስ ላይ ቆርጦ መናገር አይቻልም ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ፕሮቦቹን በማስረዘም ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ፕሮቦች ስብራቱ የሚደርስበትን ቦታ በሁለቱም በኩል አልፈው ይሸፍናሉ። ስለዚህ ዘረ-መሉ ሲሰበር ፕሮቡም አብሮ ለሁለት ይከፈላል፤ ሁለቱም አዲስ ክሮሞዞሞች ቀይና አረንጓዴ ይይዛሉ። ውጤቱ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ይሆናል። ሲቆጠር ሦስት ቀይና ሦስት አረንጓዴ ማለት ነው። ጤናማው ሕዋስ ያለው ሁለት ሁለት ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቦቹ የቱንም ያህል ቢደራረቡ ይህን ቁጥር ሊሰጡ አይችሉም።

ይሁንና በአንዳንድ ታማሚዎች በስብራቱ ጊዜ ከ9ኛው ክሮሞዞም የተወሰነ ክፍል ይጠፋል። ያን ጊዜ ሁለተኛው ቢጫ ስለማይኖር የሚታየው አንድ ቢጫ፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ከአጋጣሚ መደራረብ ጋር አንድ ዓይነት መልክ መሆኑ ነው። በመሆኑም ባለሙያው በጥቂት ሕዋሳት አይወስንም። ብዙውን ጊዜ 200 ወይም ከዚያ በላይ ኒውክሊየሶች ይቆጠራሉ፤ ቁጥሩም ላቦራቶሪው በጤናማ ሰዎች ናሙና አስቀድሞ ካወጣው ወሰን ጋር ይነጻጸራል። አጠራጣሪ ሲሆን በፒ.ሲ.አር ይረጋገጣል።

ተጣማሪው ዘረ-መል ከሰው ሰው በሚለያይባቸው በሽታዎች፣ ለምሳሌ በሳንባ ካንሰር በሚታየው የኤ.ኤል.ኬ ለውጥ፣ አካሄዱ ይገለበጣል፦ ቀዩና አረንጓዴው በአንዱ ዘረ-መል ግራና ቀኝ ይቀመጡና መለያየታቸው የስብራት ምልክት ይሆናል።

ፊሽ የሚያየው የተፈለገውን ብቻ ነው። መድኃኒት እንዳይሠራ የሚያደርጉ ጥቃቅን ለውጦችን አያሳይም፤ ከሕክምና በኋላ የቀሩ በጣም ጥቂት የካንሰር ሕዋሳትም ያመልጡታል። ስለዚህ ክትትሉ የሚካሄደው በፒ.ሲ.አር ነው። በሀገራችን ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚታወቀው ጂን ኤክስፐርት መሣሪያም ለዚህ ጥምረት የተዘጋጀ ካርትሪጅ አለው። የናሙና መያዣዎቹም ይለያያሉ፤ ለፊሽ ሄፓሪን ያለበት፣ ለፒ.ሲ.አር ደግሞ ኢ.ዲ.ቲ.ኤ ያለበት ቱቦ ያስፈልጋል። ሄፓሪን የፒ.ሲ.አርን ሂደት ስለሚያውክ ቱቦው ከተሳሳተ ታካሚው እንደገና ደም ለመስጠት ይገደዳል።

ጥምረቱ መኖሩ ሲረጋገጥ፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለውን ኢማቲኒብን የመሰለ፣ ፕሮቲኑን የሚገታ እንክብል በየቀኑ ይሰጣል። በፊሽ ውጤት ላይ “የተጣመረ ምልክት አልታየም” የሚል ቢጻፍም የቀሩ ሕዋሳት ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ታካሚው ከሐኪሙ ትእዛዝ ውጭ መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም።