ከጥሩምባ እስከ ስልክ፤ ወሬ በሰፈራችን እንዴት ይመጣ ነበር

ለዘንድሮው መጽሔታችን ጥቂት እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ የመረጥኩት ጉዳይ ወሬ ወደ ሰፈራችን ይመጣ የነበረበትን መንገድ ነው። ለምን እንደመረጥኩት ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

በአገራችን የራዲዮ ሥርጭት የተጀመረው በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ከአቃቂ ነው። ሆኖም ራዲዮ ለብዙ ጊዜ የባለጸጋ ዕቃ ስለነበረ ተርታው ሕዝብ ወሬ የሚሰማው ከገበያ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅና ከለፋፊ ነበር። በኋላ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትንሹ ራዲዮ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። በ1955 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በመጋቢት 1957 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን ድምፅ በአማርኛ መናገር ጀመረ።

በልጅነቴ በመንደራችን የነበረው ራዲዮ አንድ ብቻ ነው። ዳንቴል ለብሶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ባለቤቱን ሁላችንም አባባ እንላቸው ነበር። ማታ ማታ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይሰማል፤ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ማስጣት የእኛ የልጆች ሥራ ነው። አባባ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ይኸውም አንድ ጣቢያ ብቻ የተናገረውን ወሬ ከቤታቸው ይዞ መውጣት ክልክል ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን መውረዳቸው በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲነገር እንኳ «ቆዩ እስቲ፣ ማታ ጀርመንም ይበል» አሉን። ማታ ጀርመንም አለ፤ ያን ጊዜ አመኑ።

በ1969 ዓ.ም. ብሥራተ ወንጌል ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። የውጭ ጣቢያ መስማትም የሚያስፈራ ነገር ሆነ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ድምፅ በአማርኛ ሲጨመር ሰው መስኮቱን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ራዲዮው ላይ ለጥፎ ነበር የሚሰማው። የአገር ቤቱንና የውጭውን አመዛዝኖ እውነቱን ከመሀል ይፈልግ ነበር።

ዛሬ ሁሉም በኪሱ ስልክ አለው፤ አባባ ግን የሉም። አምና አንድ አባላችን ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ «አረፈ» የሚል መልእክት በስልክ ዞረ። ድንኳን ተተከለ፣ ለቅሶ ተጀመረ። ልጁ ለአባቷ ምሳ አድርሳ ስትመለስ በራሷ ደጅ ድንኳን አይታ ወደቀች። አባትየው ዛሬም በሕይወት አለ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መልእክቱን ካስተላለፉት አንዱ እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ስሠራ ቁጥርና ፊርማ ሳላይ ደብዳቤ ተቀብዬ የማላውቅ ሰው፣ የሰው ሞት ግን ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። ልጅቷን ይቅርታ ጠይቄአለሁ፤ እናንተንም እጠይቃለሁ።

አሁን «ስልክ እያለ ጥሩምባ ነፊ ምን ያደርጋል» የሚባል ነገር እሰማለሁ። የእኛ ጥሩምባ ነፊ ግን ቤተሰቡን ሳይጠይቅ ነፍቶ አያውቅም። ስለዚህ እንዳይቀር አደራ እላለሁ። በስልክም ቢሆን የእድሩ ጸሐፊ ከቤተሰቡ ሳያረጋግጥ የሞት ወሬ ማንም አያስተላልፍ። አባቶቻችን ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ያሉት ለዚህ ነው።