የአሜሪካ ምርጫ ለምን ማክሰኞ ሆነ?



አሜሪካኖች ፕሬዚዳንታቸውን በየ4 ዓመቱ ይመርጣሉ። የሚቀጥለው ምርጫ በፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 7 ቀን 2028 ነው። ዕለቱ ማክሰኞ ነው። ለምን ማክሰኞ ሆነ?

ሕጉ የወጣው በ1845 ነው። ያን ጊዜ ብዙው ሰው ገበሬ ነበር። በኖቬምበር አዝመራው ገብቷል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይሳማል። ሰኞ በጋሪ ይጓዛል። ማክሰኞ ድምፅ ይሰጣል።

ከዚያስ? በየክፍለ ግዛቱ የተመረጡ 538 ወኪሎች በዲሴምበር ድምፃቸውን ይሰጣሉ። 270 ያገኘ ያሸንፋል። ጃንዋሪ 6 ምክር ቤቱ ድምፁን ይቆጥራል። ጃንዋሪ 20 አሸናፊው ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

ታዲያ ሁሉም ይመርጥ ነበር? የለም! በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ጥቁሮች ሊመዘገቡ ሲሄዱ፣ «ይህን ሕግ አንብብ፤ አብራራ» ይባሉ ነበር። ፈታኙ ነጭ ነው። የተማረውንም ሰው «ወድቀሃል» ብሎ ይመልሰው ነበር። ጥቁሮች ግን ዝም አላሉም። በ1965 በሴልማ ከተማ ተሰለፉ፤ ተደበደቡ። በዚያው ዓመት የወጣ ሕግ ፈተናውን በእነዚያ ቦታዎች አገደ። በ1970 ደግሞ በመላ አገሪቱ ቀረ።

እስቲ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተወያዩ፦ ፊደል ያላስቆጠሩትን ሰው «አንብብ» ብሎ መፈተን ፍርድ ነው ትላላችሁ?