ከጣውላው ሥር ያለው ሥዕል

«በእጅ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ወረቀት ከሕትመት አይቆጠርም» የሚል አስተያየት ከአንዳንድ አንባብያን ደርሶናል። መልሱን ካልተጠበቀ ሥፍራ፣ ከአንድ መጫወቻ ታሪክ እናመጣዋለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስኬትቦርድ አራት ጎማ ያለው፣ ቆመው የሚንሸራተቱበት ጣውላ ነው። በዚህ በገዳሪፍ ዋልካ፣ ያውም በክረምት፣ አንድ ክንድ አይሄድም! በኩሽኔታ ጋሪ ቁልቁለት የወረደ ሁሉ ግን ነገሩን አያጣውም። የካሊፎርኒያ ልጆችም በ1950ዎቹ የጀመሩት የሮለር ስኬት ጎማ ነቅለው ከሳንቃ ጋር በመቸንከር ነበር።

ሥዕሉ የሚታተመው ከጣውላው ሥር ነው። ወንፊት የመሰለ ቀጭን ጨርቅ በእንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል፤ ቀለም እንዲያልፍበት ከተፈለገው ቦታ በቀር ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፤ ቀለሙም በላስቲክ መጥረጊያ እየተገፋ ጣውላው ላይ ያርፋል። ለየቀለሙ አንድ ወንፊት ያስፈልጋል። ፊደል በተቆረጠበት ቆርቆሮ ጆንያ ላይ ምልክት ሲደረግ ያየ ሰው ዘዴውን በግማሽ ያውቀዋል። ጂም ፊሊፕስ በ1985 ለሳንታ ክሩዝ ኩባንያ የሣለው፣ መዳፉ ላይ አፉን ከፍቶ የሚጮኽ ሰማያዊ እጅ በዓለም የታወቀ ሆኗል። እኛን የሚያስደንቀን ግን እንዲህ ተደክሞበት የተሣለው ሥዕል የሚፋቅ መሆኑ ነው። ልጁ ጣውላውን በብረትና በድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲያንሸራትት ቀለሙ ይላጣል፤ ያልተፋቀ ጣውላ ያልተሠራበት ጣውላ ነው።

እነዚህ ወጣቶች በ1980ዎቹ የሚያትምላቸው ጋዜጣ አልጠበቁም። በእጅ እየጻፉ፣ ፎቶግራፍ እየቆረጡና እየለጠፉ፣ በፎቶ ኮፒ አባዝተው የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔት ይለዋወጡ ነበር።

በአገራችን ሁለቱ ነገሮች በየመንገዳቸው መጡ። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1957 ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ሐንሰን ባሂያ የተባሉት ጀርመናዊ ሠዓሊ ከ1963 እስከ 1966 ባለው ጊዜ ከእንጨት ቅርጽ ማተምን አስተማሩ። ስኬትቦርዱ ግን ከመንገድ መጣ፤ በ2016 ከልዩ ልዩ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከአገሬው ወጣቶች ጋር አዲስ አበባ ውስጥ የኮንክሪት መንሸራተቻ ሜዳ ሠሩለት።

ታዲያ ሕትመት የሚያሰኘው መኪናው ነው ወይስ መድረሱ? እኛ መድረሱ ነው እንላለን። ያለፈው እትማችን ሲመለስልን ጠርዙ ተበልቶ፣ የወጥ ነጥብ ይዞ፣ በማናውቀው እጅ አንድ መስመር ታርሞበት ነበር። ቅሬታ የለንም። የሚመጣውን እትም የሽፋን ሥዕል ከአሮጌ ጫማ ሶል ላይ በምላጭ ለመቅረጽ ጀምረናል፤ ፊደል ገልብጦ መቅረጽ የሚችል ካለ ምላጩን ይዞ ይምጣ።