ከጉሎ ፍሬ እስከ ሲንተቲክ፦ የጋለ ሞተር ዘይት ታሪክ

ጉሎን ታውቁታላችሁ አይደል? ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የሆነ፣ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል ተክል ነው። ፍሬው ተወቅጦ ምጣድ ይታሰስበታል፣ ቆዳም ይለፋበታል። (ፍሬው ግን መርዛማ ነውና እንዳትቀምሱት!) ከዚሁ ፍሬ የሚጨመቀው ዘይት በአንድ ወቅት የጦር አውሮፕላኖችንና የእሽቅድድም መኪኖችን ሞተር ከመንከስ ያድን ነበር ብንላችሁስ?

መጀመሪያ ችግሩን እንረዳ። አንድ የስፖርት መኪና ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲሽከረከር፣ እያንዳንዱ ፒስተን በሰከንድ 100 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ሩጫ ብረትና ብረት በቀጥታ መፋተግ የለባቸውም። የሚለያቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። ዘይት ደግሞ እንደ ማር ነው፤ ሲሞቅ ይቀጥናል። መኪናው በሞቃት አገር በኃይል ሲነዳ የዘይቱ ሙቀት ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። ሽፋኑ ከተበጠሰ ብረት ከብረት ይገናኛል፣ ይግላል፣ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ አለቀለት።

ታዲያ ጉሎ ምን አገባው? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ብዙ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ የፈረንሳዩን ኖም ሞተር የገጠሙት፣ ሞተራቸው በሙሉ ከፕሮፔለሩ ጋር አብሮ ይሽከረከር ነበር። ነዳጁ የሚያልፈው በሞተሩ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ከድፍድፍ ነዳጅ የተሠራውን ዘይት ያጥበዋል። የጉሎ ዘይት ግን በቤንዚን በቀላሉ አይሟሟም። አብዛኛው ክፍሉ ሪሲኖሌይክ የሚባል አሲድ ነው፤ ይህ አሲድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር የሆነ «እጅ» አለው። በዚያ እጁ ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ብረቱንም የሙጥኝ ይላሉ። ዘይቱ ከሠራ በኋላ ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ስለሚረጭ አብራሪዎቹ ይተነፍሱት ነበር። ጉሎ ደግሞ የታወቀ የሆድ ማስለቀቂያ ነው፤ ቀሪውን እናንተ ገምቱት።

እ.ኤ.አ. በ1909 የለንደኑ ነጋዴ ቻርልስ ዌክፊልድ ኩባንያ የጉሎ ዘይት የተቀላቀለበትን የሞተር ዘይት ለገበያ አቀረበ። ስሙንም ካስትሮል አለው፤ ጉሎ በእንግሊዝኛ «ካስተር» ስለሚባል ነው። የእሽቅድድም ሜዳዎችም ለብዙ ዓመታት በተቃጠለ የጉሎ ዘይት ሽታ ይታወቁ ነበር።

ነገር ግን ጉሎ እንከን አለው። ሲግልና አየር ሲያገኘው እንደ ሙጫ ይሆናል። ከውድድር ውድድር ተፈቶ ለሚጸዳ ሞተር ይህ ችግር አይደለም። ዓመት ሙሉ ለሚነዳ መኪና ግን አይሆንም።

ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ፦ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ቶሎ የሚፈስ፣ ሲግል ግን ከልክ በላይ የማይቀጥን ዘይት እንዴት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ1929 ዲን እና ዴቪስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ዘይት ከሙቀት ጋር ምን ያህል እንደሚቀጥን የሚለካ መስፈሪያ አወጡ። ኋላ፣ በ1950ዎቹ፣ ረጃጅም የፖሊመር ሰንሰለቶችን ዘይት ውስጥ መጨመር ተለመደ። ሰንሰለቶቹ ሲቀዘቅዙ ይጠቀለላሉ፣ ሲሞቁ ይዘረጋሉ፤ በዚህም የዘይቱን መቅጠን ይቀንሳሉ። በቆርቆሮው ላይ 10ደብሊው-40 ተብሎ የምታዩት ከዚህ የመጣ ነው። ደብሊው «ክረምት» ማለት ነው፤ የፊቱ ቁጥር የቅዝቃዜውን ጠባይ፣ የኋላው የሙቀቱን ይነግራችኋል።

ይህም ብቻውን አልበቃም። በኃይል በሚነዳ ሞተር ውስጥ ሰንሰለቶቹ እንደ ክር ይበጣጠሳሉ። ለዚህ ነው ዘይት ዛሬ በ150 ዲግሪ፣ በከባድ መሸራረፍ ውስጥ የሚፈተነው። ደረጃው 30 የሆነ ዘይት በዚህ ፈተና ቢያንስ 2.9 ሚሊፓስካል-ሰከንድ፣ ደረጃው 50 የሆነ ቢያንስ 3.7 ማምጣት አለበት። ሲንተቲክ ዘይት የሚመረጠው ገና ከመሠረቱ ሙቀትን ስለሚችል፣ በሰንሰለቶቹ ላይ ያለው ጥገኝነት አነስተኛ ስለሆነ ነው።

«እንግዲያውስ በጣም ወፍራሙን ልግዛ» እንዳትሉ! ከልክ ያለፈ ውፍረት ዘይቱን ወደ ጠባብ ቦታዎች ያዘገየዋል፣ ጉልበት ይበላል፣ በራሱ ፍትጊያም ሙቀት ይጨምራል። ዘይት እኮ ማለስለሻ ብቻ አይደለም፤ ሙቀትንም ተሸክሞ ይወጣል። በ1963 የታየው ፖርሽ 911 ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ ስለነበር ብዙ ሙቀቱን የሚያወጣው በዘይቱ ነበር። ዘይቱም ለብቻው በተቀመጠ ታንከር ይጠራቀም ስለነበር መኪናው በፍጥነት ሲታጠፍ ፓምፑ ዘይት አያጣም።

እንግዲህ ለሚጋልብ መኪና ዘይት ስትመርጡ ቅደም ተከተሉ ይኸው፦ መጀመሪያ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ፣ ቀጥሎ የ150 ዲግሪው ውጤት፣ ከዚያ የመቀየሪያው ጊዜ። በተለምዶው ስሌት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዘይት የሚበላሽበት ፍጥነት በግምት እጥፍ ይሆናል። ምርጡ ዘይትም ቢሆን በጊዜው ካልተቀየረ ልክ እንደ ጉሎው ዘይት መጨረሻው ሙጫ ነው።