የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች

በአዲስ አበባ ካዛንቺስ፣ በቆርቆሮ ቤቶች መካከል በሚገኙ ጠባብ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ዳር የነበሩ የምሽት መዝናኛዎች። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲወረውር፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ እዚያው በዜማ ይቀበለዋል፤ ሽልማቱ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር ነው።

ስመ ጥሩው ፈንዲቃ ነበር። በዚያ ቤት ለሽልማት ሲጨፍር የኖረው እስክስታ ወራጁ መላኩ በላይ ኋላ ተረክቦት የሥዕል ማሳያ ያለው የባህል ማዕከል አደረገው። አዝማሪው፣ የጃዝ ሙዚቀኛውና ሠዓሊው የተገናኙበት ነበርና ለከተማዋ ትልቅ ውለታ ውሏል።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ፈንዲቃም ፈረሰ። ዝግጅቱ መስቀል አደባባይ ወደሚገኘው ሃያት ሪጀንሲ ሆቴል ተዛወረ። ሙያው ተርፏል፤ ጎረቤቱ በእግሩ የሚገባበት ሰፈር ግን አልተተካም።